የወይዘሮ አስካለች የሽኝት ጋቢ

ተረቴ ሩቅ አትሄድም፤ ከአንድ የውኃ መሥሪያ ቤት ግቢ ተነሥታ እዚያው ትመለሳለች።

በስልክ ቤቱ ተቀምጣ ስልክ የምታገናኘው ወይዘሮ አስካለች ዓርብ ጡረታ ትወጣለች። የምትሻው አንድ ነገር ነው፤ ባልደረባዋን ፅጌን በጡረታ ሲሸኙ እንዳደረጉት፣ እሷንም በአዳራሹ፣ በሰው ፊት፣ በእልልታ ጋቢ እንዲያለብሷት። በፅጌ ሽኝት ዕለት እጇ ሲያጨበጭብ አንጀቷ በቅናት ሲያርር ነው የዋለው።

ቁልፍ ያዡን ድንበሩን፣ «አዳራሹን ክፈትልኝ» አለችው።

«እትዬ አስካለች፣ ልጄን ስድር ኃላፊው ብቅ አላሉም። ለፅጌ ግን ቆመው ተናገሩ! እሳቸው ካልመጡ አልከፍትም።»

ወደ ኃላፊው ወደ አቶ ስንታየሁ ሄደች። «እርስዎ ካልመጡ ድንበሩ አይከፍትም፤ ይምጡልኝ።»

«በፅጌ ሽኝት እኔ ስናገር ሰው የሳቀው በሾፌሩ ቀልድ ነው። ሾፌሩ ካላጨበጨበልኝ አልመጣም።»

ወደ ሾፌሩ ወደ ሽብሩ ሄደች። «አንተ ካላጨበጨብክ ኃላፊው አይመጡም፤ ኃላፊው ካልመጡ ድንበሩ አይከፍትም፤ አጨብጭብልኝ።»

«በየትኛው አቅሜ? ለኃላፊው ሙዳ ሥጋ፣ ለእኔ አጥንት! ወጥ ሠሪዋ ሥጋ ካላወጣችልኝ እጄ ከኪሴ አይወጣም።»

ወደ ወጥ ሠሪዋ ወደ ዘርፌ ሄደች። «አንቺ ሥጋ ካላወጣሽ ሽብሩ አያጨበጭብም፤ ሽብሩ ካላጨበጨበ ኃላፊው አይመጡም፤ ኃላፊው ካልመጡ ድንበሩ አይከፍትም፤ ሥሪልኝ።»

«ከጭስ ጋር የታገልኩት እኔ፣ እልልታው ለፅጌ! ራሷ መጥታ ‹እጅሽ ይባረክ› ካላለችኝ እሳት አልለኩስም።»

ፅጌ ጋቢዋን ደርባ፣ በጠራራ ፀሐይ፣ ደጃፏ ላይ ተቀምጣ ነበር።

«አንቺ ካላመሰገንሽ ዘርፌ አትሠራም፤ ዘርፌ ካልሠራች ሽብሩ አያጨበጭብም፤ ሽብሩ ካላጨበጨበ ኃላፊው አይመጡም፤ ኃላፊው ካልመጡ ድንበሩ አይከፍትም። ነይልኝ።»

«አልመጣም። ቀንቼብሻለሁ።»

«በእኔ?»

«አንቺ ነገም ጠዋት ተነሥተሽ የምትሄጂበት አለሽ። እኔን ጋቢ አልብሰው፣ አልቅሰው ሸኙኝ፤ ከዚያ ወዲህ የደወለልኝ የለም። አንቺ እንኳ፣ ስልክ ቤት ተቀምጠሽ!»

አስካለች አንገቷን ደፋች። «ልደውል አስብና ቅናቱ ይከለክለኛል።»

«የምን ቅናት?»

«የጋቢሽ። የእልልታሽ።»

የፅጌ ፊት በራ። «እውነትሽን ነው? ምን ያህል?»

«እህል አልወርድ እስኪለኝ።»

«በይ ነይ እንሂድ!» አለች ፅጌ ብድግ ብላ።

ከዚያማ ፅጌ ዘርፌን አመሰገነች፤ ዘርፌ ለሽብሩ ሙዳውን አወጣች፤ ሽብሩ አጨበጭባለሁ ብሎ ማለ፤ ኃላፊው መጡ፤ ድንበሩ ከፈተ፤ ዓርብ ዕለት አስካለች በእልልታ ጋቢዋን ለበሰች። ያለበሰቻት ፅጌ ናት።

«አማረብሽ» አለቻት፣ እንባዋን እየጠረገች።

አስካለችም እንባዋን ጠረገችና የሁለቱን ጋቢ ጥለት ጎን ለጎን አስተያየች። የፅጌ ሰፋ ይላል።