ስም የሌላቸው ጠርሙሶች

አንድ ሰው ነበረ፤ የመድኃኒት ሣጥን ነበረው። «የኔታ፣ ጉባኤ ዘርግቼ ማስተማር ልጀምር ነው፤ ያወቅሁትን ሁሉ ለተማሪዎቼ ከሰጠሁ ለእኔ ምን ይቀረኛል?» ብለህ ጠይቀኸኛልና፣ ልጄ፣ ተቀመጥና የዚህን ሰው ነገር ስማ። መልሱን እኔ ከምሰጥህ እሱ ቢሰጥህ ይሻላል።

የዚህ ሰው አባት ሥር ማሽ፣ ቅጠል በጣሽ ነበሩ። ሊሞቱ ሲሉ ልጃቸውን ጠርተው አንድ ቃል አስጨበጡት፤ «ስሙ የተነገረ መድኃኒት ኃይሉ ይከዳዋል። ዓይን አይየው፣ ጆሮ አይስማው» አሉት። ልጁ አድጎ ከተማ መመላለስ ሲጀምር ሥሩንና ቅጠሉን ተወ፤ የአባቱን ቃል ግን አልተወም። ከመድኃኒት ቤት የትኩሳቱን፣ የራስ ምታቱን፣ የጨጓራውን፣ የሳሉን እየገዛ ያመጣል። ቤቱ ሲደርስ በሩን ዘግቶ በላዩ ያለውን ወረቀት ይልጥና እሳት ውስጥ ይጨምረዋል። እንክብሉን ሁሉ አንድ ዓይነት በሆኑ ቡናማ ጠርሙሶች ይገለብጣል፣ በየረድፉ ይደረድራል፣ ይቆልፋል። ቁልፉ ከማተቡ ጋር አንገቱ ላይ ይውላል። የቱ የምን እንደሆነ የሚያውቀው በተቀመጠበት ቦታ ነበር፤ ከግራ ሦስተኛው የትኩሳት ነው፣ መሐል ያለው የሳል ነው። የአይጥ መርዙን እንኳ ማንም እንዳያገኘው ብሎ እንደ ሌሎቹ በቡናማ ጠርሙስ አድርጎ እዚያው ጥጉ ላይ ያስቀምጠው ነበር።

ክፉ ሰው እንዳይመስልህ። ስስት የሚባል አያውቅም። ጠዋት ደጁ ላይ ጥርሱን የያዘ፣ ወገቡን የያዘ ይሰለፋል። እሱ ጓዳ ይገባል፣ ሣጥኑ ይንኳኳል፣ ሁለት እንክብል በጭብጡ ይዞ ይወጣል። «ምንድን ነው ጌታዬ?» ያሉት እንደሆነ መልሱ «ዋጠው» ነው። ሰዉም ውጦ ይድናል፤ አንዳንዱም ባይውጥም ሊድንለት የነበረው በሽታ ነው የዳነለት። «የዚህ ሰውዬ ሣጥን ሞትንም ይቆልፍበታል» ይሉ ነበር። በደጁ ሲያልፉ ድምፃቸውን ዝቅ ያደርጋሉ። እሱም ይህንን ይወደው ነበር፤ መለመን ይጥመዋል። አትፍረድበት፣ እኔም ብሆን ስትጠይቁኝ ደስ ይለኛል።

ከዚያው መንደር ግርጌ አንዲት ሸክላ ሠሪ ትኖር ነበር። አፏ አያርፍም። የእሷ መድኃኒት ቤት ልጆች የማይደርሱበት ግድግዳ ላይ የተሰቀለ የዱቄት ወተት ቆርቆሮ ነው። ውስጡ ሳሙና፣ ታጥቦ በፀሐይ የደረቀ የቁስል ጨርቅ፣ ስሙና ቀኑ ከነወረቀቱ ያለበት የትኩሳት እንክብል፣ ጨውና ስኳር አለ፤ ሌላ የለም። ማሰሮ ሊገዛ የሄደ ሁሉ ሳይጠይቃት ይህንን አውርዳ ታሳየዋለች። አንዲት የጤና ሠራተኛ ያስተማረቻትን አንድም ሳታስቀር ትደግማለች። የምትሸጣት ትንሿ ማሰሮ ከውስጥ በኩል ልክ አንድ ሊትር ላይ፣ ሳትተኮስ በፊት በቢላ ጫፍ የተጫረች መስመር አለቻት።

የባለ ሣጥኑ ሚስትም አንድ ቀን ማሰሮ ልትገዛ ወርዳ ነበር።

«እሜቴ፣ ያቺን ጭረት ያዩዋታል?» አለቻት ሸክላ ሠሪዋ። «ሰው ሲያስቀምጠውና ሲያስመልሰው፣ እስከዚያች ድረስ ፈልቶ የቀዘቀዘ ውኃ ይሙሉ። ስድስት የሻይ ማንኪያ ስኳር፣ ግማሽ ማንኪያ ጨው፤ ማንኪያውን አይቆልሉት። ይቅመሱት፣ ከእንባ ከጨወጨወ ድፉትና እንደገና ይሥሩት። ከዚያ በትንሽ በትንሹ ይስጡት። ቢተፋው ትንሽ ቆይተው እንደገና። ሰውየው ካልበረታም ጤና ጣቢያ ያድርሱት፤ ይኼ መንገድ ማሳለፊያ ነው።»

ሴትዮዋ ማሰሮዋን ተሸክማ ቤቷ ስትገባ ለባሏ እየሳቀች ነገረችው። እሱም «ጨውና ስኳር መድኃኒት ከሆነማ ባለ ሱቁ ሁሉ ሐኪም ነዋ!» አለ። ሁለቱም ሳቁና ተረሳ።

ሐምሌ መጣ። ወንዙ ሞላ። ጤና ጣቢያው ያለው ከወንዙ ማዶ ነው፤ ሸክላ ሠሪዋም ገበያ ወጥታ ማዶ ቀርታለች። በዚያው ሰሞን ባለ ሣጥኑ ከድግስ የተረፈ ወጥ በልቶ ንጋት ላይ ሆዱ ተገለበጠ። ከላይም ከታችም ያጣድፈው ጀመር። ረፋድ ላይ ዓይኑ ጎደጎደ፣ ባቱ ተኮማተረ፣ ጣቶቹ ውኃ ውስጥ እንደዋለ እጅ ተጨማደዱ። እኩለ ቀን ሲሆን ድምፁ ጠፋ። ልቡ ግን አለ፤ ሁሉን ያያል፣ ሁሉን ይሰማል። ልጆቹ ጓዳው በር ላይ ቆመው ሲያለቅሱ እሱም ማልቀስ ፈለገ፣ እንባ ግን አልመጣለትም። ያን ጊዜ እየሞተ መሆኑን አወቀ።

ሚስቱ ቁልፉን ከአንገቱ በጥሳ ሣጥኑን ከፈተች። በሃያ ዓመት ትዳር ውስጡን ስታየው የመጀመሪያዋ ነበር። እንዲያያቸው ብላ ሣጥኑን ጎትታ አልጋው አጠገብ አጎዛው ላይ ዘረገፈችው። አርባ ጠርሙስ ተንከባለለ። ሁሉም ቡናማ፣ የሁሉም ውስጡ ነጭ።

አንዱን አንስታ ዓይኑ ፊት አቀረበችው። «ይኼ ነው?»

መናገር ባይችልም ራሱን መነቅነቅ ይችል ነበር። ግን ምን ብሎ ይነቅንቅ? የሚያውቀው ቦታውን እንጂ ጠርሙሱን አልነበረም፤ ቦታው ደግሞ አሁን የለም። «ይኼስ?» አለች፣ ሁለተኛውን አንስታ። ከእነዚህ አንዱ የአይጥ መርዝ እንደሆነ ያውቃል፣ የቱ እንደሆነ አያውቅም። ሦስተኛውን ከፍታ እንክብሉን መዳፏ ላይ ስታፈስስ በቀረችው አቅሙ ጥርሱን ነክሶ ፊቱን ወደ ግድግዳው አዞረ።

እሷም ገባት። «አንተም አታውቀውም?» አለችው ቀስ ብላ።

«በሽታውን የደበቀ መድኃኒት የለውም» ሲባል ሰምተሃል፣ ልጄ። መድኃኒቱን የደበቀውስ? ያ ሰው በአርባ ጠርሙስ ተከቦ በቤቱ ውስጥ መድኃኒት አጥቶ ይሞት ነበር።

ሴትዮዋ ጠርሙሶቹን ሁሉ ሣጥኑ ውስጥ መልሳ ከደነችው። እጇን ራሷ ላይ አድርጋ ቆመች፤ ዓይኗ ምድጃው አጠገብ ያለችው ማሰሮ ላይ ወደቀ። የዚያች ለፍላፊ ድምፅ በጆሮዋ መጣ፣ «እሜቴ፣ ያቺን ጭረት ያዩዋታል?» እያለ። ወዲያው ምድጃው ላይ አጎንብሳ እሳት አነደደች። ውኃውን አፈላች፣ አቀዘቀዘች፣ እስከ ጭረቷ ሞላች። ስኳሩን ስድስት ብላ ቆጠረች፣ ጨውን ግማሽ አለች፣ ቀመሰች። ከዚያ የባሏን ራስ ጭኗ ላይ አሳርፋ ማንኪያውን ወደ ከንፈሩ አመጣች።

ሰውየው ምን እንደሆነ ገባውና አፈረ። አርባ ጠርሙስ እያለኝ በጨውና በስኳር! አለ በልቡ። ሆኖም ምን ምርጫ አለው? አፉን ከፈተ።

የመጀመሪያውን ተፋው። ሁለተኛውንም ተፋው። ጥቂት ቆየችና እንደገና ሰጠችው። ማንኪያ ከማንኪያ እያለ ቀኑ ዘመመ። ሰውየው በውስጡ የሆነውን ኋላ ሲናገር ቃል ያጥረው ነበር። መጀመሪያ ምላሱ ከትናጋው ተላቀቀ። ቀጥሎ ባቱ ተፍታታ። ምንም የማይመርር፣ ምንም የማይሸትት፣ ባለ ሱቁ በጋዜጣ ጠቅልሎ የሚሰጠው ነገር፣ ሕይወትን በማንኪያ እየለካ ሲመልስለት ተሰማው። ፈራ። ከሞቱ ይልቅ ይህ አስፈራው፤ ይህን የመሰለ ኃይል በየቤቱ ጓዳ በጨው ቅል ውስጥ ተቀምጦ ሲኖር እሱ አንድ ቀን እንኳ አላየውም። ወደ ማታ ገደማ ታናሽ ልጁ ገብታ እግሩን ስትነካው ዓይኑ ሞላ፣ እንባው በጉንጩ ወረደ። ሚስቱ ያንን ስታይ ማንኪያውን ጥላ እልል አለች።

በማግሥቱ ወንዙ ጎደለ። ስምንት ሰዎች በቃሬዛ ተሸክመው አሻገሩት። የጤና ጣቢያው ሐኪም ምላሱን አይቶ፣ ቆዳውን ቆንጥጦ፣ የሆነውን ጠየቀ። ሲነግሩት «ይህ ባይሰጠው ኖሮ ሬሳ ነበር የምታመጡልኝ። ከእናንተ ውስጥ ይህንን ሌላ የሚያውቅ አለ?» አለ።

ተሸካሚዎቹ እርስ በርስ ተያዩ። ከዚያ አንደኛው «ስድስት ስኳር» ሲል ሌላው «ግማሽ ጨው» አለ፤ «ጭረቷ ድረስ ነዋ» አለ ሦስተኛው። ስምንቱም ያውቁት ነበር። ገበሬው፣ አናጢው፣ የቤተ ክርስቲያኑ ዘበኛ ሳይቀር በየቤታቸው ያቺ ማሰሮ አለች። ሐኪሙ ኮፍያውን አወለቀ። በዚያ ክፍል ውስጥ የማያውቀው ቃሬዛው ላይ የተኛው ባለ መድኃኒት ብቻ ነበር። እሱም የስምንቱን ፊት በየተራ አየና «እኔንም አስተምሩኝ» አለ። ድምፁ ከተመለሰ ወዲህ የተናገረው የመጀመሪያው ቃል ይኸው ነው።

እንግዲህ ልጄ፣ ጥያቄህን እንመልከተው። ሰውየው ቤቱ ውስጥ ነበረ፣ ዕውቀቱ ግን ከድምፁ ጋር ጠፋ። ሸክላ ሠሪዋ አልነበረችም፣ ዕውቀቷ ግን እዚያ ነበረ። አንተም የዜማውን ምሥጢር፣ የቅኔውን መንገድ በልብህ ረድፍ ረድፍ አድርገህ ልትቆልፍበት ታስባለህ። ቆልፍበት። አንድ ትኩሳት፣ አንድ መርሳት፣ አንድ የእርጅና ክረምት ሣጥንህን ይዘረግፈዋል፤ ያን ጊዜ አንተም አታውቀውም። ይህን ስነግርህ ለራሴም እየፈራሁ ነው፤ ገና ያልነገርኋችሁ ብዙ አለና።

ለእኔ ምን ይቀረኛል አልኸኝ። ሸክላ ሠሪዋ ምን እንደቀራት ልንገርህ። ያን ቀን ሰውየው ማንኪያውን እየጠበቀ አፉን ሲከፍት እሷ ከወንዙ ማዶ ተቀምጣ ማሰሮ ትሸጥ ነበር። ለአንዲት የማታውቃት ሴት ጭረቷን እያሳየች ስትለፈልፍ፣ በዚያችው ሰዓት አንድ ሰው ከሞት እያስነሳች እንደሆነ አታውቅም ነበር።