አማናን የበላች አማና

ስሟን አላህ ይወቀው እንጂ፣ ግመል የጫኑ ነጋዴዎች ከቆላ ወጥተው የሚያድሩባት፣ ቤቶቿ ጀርባ ለጀርባ ተደጋግፈው የቆሙ አንዲት የቆየች ከተማ ነበረች። በዚያች ከተማ ሐጂ በድረዲን የሚባሉ ሽማግሌ ይኖሩ ነበር። ሰው መንገድ ሲሄድ ዕቃውን እሳቸው ዘንድ ያኖራል፤ የተጣሉ ወገኖች የተከራከሩበትን ነገር እስኪታረቁ እሳቸው እጅ ያስቀምጣሉ። ሐጂ ከተቀበሉት አማና አንዲት ክር ጎድላ አታውቅም ይባል ነበር። ይህን ሲሰሙ "አስተግፊሩላህ" ብለው ያልፉታል። ልባቸው ግን፣ እውነቱን እንናገር ካልን፣ ትንሽ ደስ ይለው ነበር።

ከአማናዎቹ ሁሉ የከበረው የሙሽራ ቀሚሱ ነው። ከብዙ ዘመን በፊት አንዲት ባለጸጋ ሴት በወርቀ ዘቦ የተጠለፈ ቀይ የሐር ቀሚስ፣ መግዣ ላጣች ሙሽራ ሁሉ እንዲሆን ለአላህ ብላ ወቅፍ አድርጋ ሞተች። ከዚያ ወዲህ የድሃ ልጅ ስትዳር ያንን ለብሳ ትወጣለች፤ ሠርጉ ሲያልፍ ቀሚሱ ታጥፎ ወደ ሐጂ ሳጥን ይመለሳል። የሀብታም ልጆች እንኳ በዚያ ቀሚስ ይቀኑ ነበር።

ሁለተኛው አማና ግን ከተማውን ሲያስቅ የከረመ ነው። ሰልማን የሚባል ከባሕር ማዶ የመጣ መድኃኒት አዋቂ በሐጂ የእንግዳ ክፍል ሰንብቶ ነበር። ይህ ሰው ዓይናቸው ቀይ፣ ጠጉራቸው እንደ ጥጥ የነጣ ሁለት አይጦች በእንጨት ሳጥን ይዞ ይዞራል። አንድ ቀን አባቱ መታመማቸውን ሰማና ሲነሳ፣ "ሐጂ፣ መርከብ ላይ ይሞቱብኛል። ተመልሼ እስክመጣ አማና" አላቸው። ሐጂ በዕድሜያቸው አማና አልቀበልም ብለው አያውቁም። ሳጥኑን ተቀበሉ።

የመስጂዱ ኢማም ሸህ ሐምዛ ወሬውን ሲሰሙ አላስቻላቸውም።

"ሐጂ! ይህች እኮ በመካ ሐረም ውስጥ እንኳ እንድትገደል የተፈቀደች ፍጥረት ናት። እርስዎ በሳጥን ያሞላቅቋታል?"

"ሸህ ሐምዛ፣ እኔ አይጥ አላረባሁም። የሰው አማና ነው የምጠብቀው። ደግሞ ያሰሩት ፍጥረት ሐቅ አለው።"

ሐቁንም አላጎደሉም። ሴቲቱና ወንዱ አይጥ ተገናኝተው አማናው በእጃቸው እንዳይበዛ ሳጥኑን መሐል ለመሐል በሳንቃ ከፈሉት። ጠዋት ጠዋት ማሽላና የዱባ ፍሬ ይሰጣሉ፤ ውኃውን ሳይሻግት ይለውጣሉ፤ ጥርሳቸውን የሚሞርዱበት የወይራ ጉማጅ ይጥሉላቸዋል። መኝታቸው በየክፍላቸው አፉ ጠበብ ያለ ቅል ነው፤ ሐጂ ጁምዓ በመጣ ቁጥር ቅሉን ገልብጠው አሮጌውን ገለባ ያወጣሉ፣ አዲስ ይጎዘጉዛሉ። ሲያነሷቸው በጅራት አይደለም፤ እንደ ውኃ በሁለት እጃቸው እፍኝ ነው። ባለቤታቸው እመት ነፊሳ "እንግዲህ ስም እናውጣላቸው" ሲሉ፣ "ስም የሚያወጣ ባለቤቱ ነው" ብለው ይቆጣሉ። ሆኖም ማንም በሌለበት ቁጢጥ ብለው፣ አይጢቱ የማሽላዋን ፍሬ በሁለት እጇ ይዛ ስትቆረጥም በደስታ ያዩአት ነበር።

በዚያ ዓመት የሜዳው አይጥ ከተማውን ወረረው። የበቅሎ ኮርቻ በላ፣ የመስጂዱን ሰሌን በላ፣ የሸህ ሐምዛን የክት ጫማ ሳይቀር በላ። ሰው ሁሉ ወጥመድ ሠሪ ሆነ። በዚህ መሐል የአንድ ሟች ውኃ ቀጂ ልጅ ሙኒራ ልትዳር ሆነና ዘመዶቿ በእልልታ ቀሚሱን ሊወስዱ መጡ። ሳጥኑ ተከፈተ። እልልታው ጉሮሮ ላይ ቀረ። ከቀሚሱ ጠርዝ መዳፍ የሚያህል ተቦጭቆ ሐሩም ወርቀ ዘቦውም የለም፤ የሳጥኑ ጀርባም፣ ከኋላው ያለው ግድግዳም በአይጥ ተበስቶ ተገኘ።

ከተማው ተንጫጫ። ጀማዓው ከመስጂዱ ዋርካ ሥር ተሰበሰበ። የሐጂ ቤት ጀርባ ከእመት ዙበይዳ ቤት ጀርባ ጋር የተጣበቀ ነው፤ የእሳቸው በር ግን በሌላ መንገድ፣ በገበያው ዞሮ ነው። እመት ዙበይዳ ባላቸው የሞቱባቸው፣ ከማሽላ ሽያጭ የሚያድሩ፣ አንደበታቸው የማይመከት ሴት ናቸው። ጎተራቸው ያንኑ ግድግዳ ተደግፎ መሬት ላይ ተቀምጧል፣ ሥሩም የአይጥ መናኸሪያ መሆኑን አገር ያውቃል።

"ሐጂ፣ ከየት የመጣ ይመስልዎታል?" ብለው ሸህ ሐምዛ ጠየቁ።

 ሐጂን ያ የነጫጭ አይጦቹ ሳጥን ለአፍታ ትዝ ብሏቸው ነበር፤ የተዘጋ ነው ብለው አለፉት።

"የቀሚሱ ሳጥን ያለው በእመት ዙበይዳ ግድግዳ በኩል ነው" አሉ። ሌላ አልጨመሩም።

ቃሉ እውነት ነው። ግን የሐጂ በድረዲን ግማሽ ቃል ለዚያች ከተማ የሌላው ሰው ሙሉ መሐላ ነበር። ሰዎቹ ቀሪውን ራሳቸው ሞሉት፤ ጎተራው ጁምዓ ጠዋት ይፍረስ፣ መናኸሪያውም ይቆፈር ብለው ቆረጡ።

እመት ዙበይዳ ከሴቶቹ መሐል ብድግ አሉ። "አይጥ የለብኝም አልልም፣ አለብኝ! የእኔ አይጦች ግን ማሽላ ነው የሚበሉት። ሐር የለመደ አይጥ ከእኔ ቤት አልወጣም። ክረምቱ ደጅ ላይ ደርሷል፣ እህሌን የት ላግባው? ዝናብ ከመታው ዓመቱን ምን በልቼ ላድር ነው? ሐጂ፣ እርስዎ ያውቁኛል፤ እስቲ ይናገሩ!"

ሐጂ አንገታቸውን ደፉ። ምን ይናገሩ? የሚያውቁት ያንኑ ነበር፤ ወይም እንደዚያ መስሏቸዋል።

ጁምዓ ነጋ። ሰማዩ ጠቁሯል። ሐጂ ከሱብሒ ሰላት ተመልሰው እንደ ልማዳቸው ወደ አይጦቹ ሳጥን ሄዱ፣ የሴቲቱንም ቅል አንስተው ገለበጡ። ገለባው ወጣ። ከገለባው በኋላ ግን የሆነ ነገር ቦግ አለ። ቀይ ሐር ነው! ወርቀ ዘቦ ነው! ክሩ ተፈትሎ፣ ተድበልብሎ፣ እንደ ጎጆ ተሠርቷል፤ በመሐሉም ጠጉር ያላበቀሉ፣ እንደ ባቄላ ፍሬ ያነሱ ቀያይ ግልገሎች ይርመሰመሳሉ። ሐጂ መሐል የገባውን ሳንቃ ጎትተው አወጡት፤ በታች በኩል ተቦርቡሯል። የሳጥኑን ማዕዘን ዳበሱት፤ ጣታቸው በቀዳዳው አለፈ። አይጢቱ አርግዛ፣ ለመውለጃዋ ለስላሳ ፍለጋ ወጥታ፣ የከተማውን ሙሽሮች ቀሚስ ቦጭቃ ተመልሳለች። የሜዳ አይጥ ቢሆን ይዞት በጠፋ ነበር። ይቺ የቤት ልጅ ናትና ወደ ቤቷ አመጣችው።

"ያ አላህ! አማናዬ አማናዬን በላው!" ብለው ጮኹ።

እመት ነፊሳ እየሮጡ መጡ፣ አዩ፣ አፋቸውን በእጃቸው ያዙ። ከዚያ ድምፃቸውን ዝቅ አደረጉ።

"ሐጂ፣ ማን አየ? ክሩን እሳት እንጨምረው። አይጥ በአማና አስቀምጦ ቀሚሱን አስበላ ብለው መሳቂያ ያደርጉዎታል። ከእንግዲህ ማን አደራ ይሰጥዎታል?"

በዚህ ጊዜ ከግድግዳው ማዶ ድጅኖ ድንጋይ ሲመታ ተሰማ። አንዱ "በሉ ከላይ ጀምሩ!" ይላል።

"ነፊሳ፣ የማን ቤት ነው እየፈረሰ ያለው?" አሉ ሐጂ።  ሐጂ በጡጫቸው ግድግዳውን ደበደቡ፤ "ቁሙ!" ብለው ጮኹ። ማን ይስማ? ማዶው ሆይ ሆይታ ነው።

ሐጂ ጫማ አላደረጉም፣ ከዘራም አልያዙም። ጎጆውን ከነእናቲቱ ከነግልገሎቹ በቅሉ መልሰው፣ ቅሉን ደረታቸው ላይ አቅፈው ወጡ። ከዚያ ሮጡ! ያቺ ከተማ ሐጂ በድረዲንን ሲሮጡ አይታ አታውቅም። ጥምጥማቸው ተፈትቶ በስተኋላቸው ይንሳፈፋል፤ በገበያው መሐል ሲያልፉ የበርበሬ መደብ ዘለሉ፣ አንዲት ፍየል አስበረገጉ። "ሐጂን ምን ነካቸው?" ያለ ሁሉ ከኋላቸው መሮጥ ጀመረ። ሚዛኑን ጥሎ የተከተለ አለ። እየሮጡ በልባቸው የሚሉት አንድ ነገር ነበር፤ "ያ ረብ፣ ጎተራው ሳይወድቅ አድርሰኝ።"

ደረሱ። ክዳኑ ተነስቷል። አንድ ጎልማሳ ጎተራው አናት ላይ ቆሞ ድጅኖውን ወደ ሰማይ አንስቷል። እመት ዙበይዳ ከሥሩ መሬት ላይ ተቀምጠው ነጠላቸውን ነክሰዋል።

"አቁም! በአላህ አቁም!"

ድጅኖው አየር ላይ ቀረ። ሐጂ ትንፋሻቸው እየተቆራረጠ ቅሉን ዘንበል አደረጉት። ሸህ ሐምዛ ቀርበው አጎንብሰው አዩ። ሐሩን አዩ። ወርቀ ዘቦውን አዩ። ነጯ አይጥ ደግሞ ግልገሎቿን ታቅፋ ሸህ ሐምዛን አየቻቸው።

"ሌባዋ ከእኔ ቤት ናት። ዶማችሁንም ድጅኖአችሁንም ይዛችሁ ወደ እኔ ቤት ኑ" አሉ ሐጂ።

 ከዚያ እመት ዙበይዳ ከተቀመጡበት ተነሱ፣ ቅሉ ውስጥ አጮልቀው አዩና፣ "ሐር የለመደ አይጥ ብዬ አልነበር?" አሉ። እንባቸው እየወረደ ነበር የሚስቁት። ሳቁ ወደ ጀማዓው ተጋባ፤ ጎተራው ላይ ያለው ጎልማሳ ሳይቀር ሆዱን ይዞ ተቀመጠ። ያልሳቁት ሐጂ ብቻ ናቸው።

"እመት ዙበይዳ፣ ስምዎን ጎድቻለሁ። አውፍ ይበሉኝ።"

"ለአላህ ብዬ አውፍ ብያለሁ፣ ሐጂ። ግን ክዳኔን ይመልሱልኝ፤ ደመናው አይቆየኝም!"

"ክዳኑ ብቻማ አይደለም" አሉ ሐጂ፣ ፊታቸው ፈካ ብሎ። "ይህን ያህል ጊዜ አይጥ ስመለከት የከረምኩት በከንቱ አይደለም። አይጥ ምሰሶ ይወጣል፤ ከላዩ ሰፊ ጠፍጣፋ ድንጋይ ከገጠመው ግን ተገልብጦ መሄድ አይችልም፣ ይወድቃል። ጎተራውን ከመሬት እናንሳው!"

ለማፍረስ የመጣው ክንድ ሁሉ ለማንሳት ዋለ። ሴቶቹ ማሽላውን በቁና እየሰፈሩ ወደ ቤት አስገቡ፤ ወንዶቹ ድንጋይ አቆሙ፣ በየአናቱም ጠፍጣፋ ድንጋይ አለበሱ፤ "ያ ረብ!" እያሉ ባዶውን ጎተራ ተሸክመው ከላይ አሳረፉት። የግድግዳውን ቀዳዳ አመድ በተቀላቀለበት ጭቃ ደፈኑ። እህሉ ተመልሶ ክዳኑ ሲደፋ የመጀመሪያው ጠብታ ወረደ፤ ሰው ሁሉ እየሳቀ፣ እየበሰበሰ ወደ ጁምዓ ሰላት ሮጠ።

ከሰላት በኋላ አንዳንዶች አይጦቹ ይገደሉ አሉ። ሐጂ እምቢ አሉ። "አይጥ የአይጥ ሥራ ሠራች። ሳጥኑን ያልመረመርኩት እኔ ነኝ።" ሸህ ሐምዛም "ግልገሎቹስ?" ብለው በፈገግታ ጠየቋቸው። "እነሱም የባለቤቱ ናቸው" አሉ ሐጂ። በሳምንቱ አንጥረኛው የማይቦረቦር የብረት ቤት ሠራላቸው፣ ወንዱም ለብቻው ገባ።

ቀሚሱን ሐጂ ራሳቸው ይዘው ወደ ሙኒራ ሄዱ፤ ከሐጅ ሲመለሱ የጠመጠሙትን፣ ለዒድ ብቻ የሚያወጡትን ባለወርቅ ጥምጥምም አብረው ይዘዋል። "ልጄ፣ ከዚህ ቆርጠሽ ጣፊው" አሏት። ሙኒራ አልቆረጥም ብላ አለቀሰች። መቀሱን ተቀብለው የቆረጡት እሳቸው ናቸው። የሠርጉ ዕለት ከቀሚሱ ሁሉ የሰው ዓይን ያረፈው በዚያ እራፊ ላይ ነበር፤ ከእሷ በኋላ የለበሱትም ሙሽሮች ሲወጡ መጀመሪያ እሱን ይዳስሱ ነበር ይባላል።

በዚያው ሠርግ ላይ ከሽማግሌዎቹ አንዱ፣ "ሐጂ፣ እኛ እኮ ለእርስዎ ክብር ፈርተን ነበር። እንደዚያ ሆኖ መሮጥ ምን አስፈለገ? ሰው ቢልኩ አይበቃም?" አላቸው።

ሐጂ በድረዲን እንዲህ አሉ፦ "ግማሹን ቃል እናንተ ዘንድ ትቼ ሄጄ ነበር። የሮጥኩት ቀሪውን ግማሽ ይዤ ነው።"

ወገኖቼ፣ ይህን ቃል ባሰብኩ ቁጥር ልቤ ይዘላል። እኚህ ሽማግሌ አልዋሹም ነበር እኮ! የተናገሩት ሁሉ ሐቅ ነው፤ ሳጥኑ በዚያ ግድግዳ በኩል ነበር። ከእኛ ስንቱ ነው "እኔ ምን አልኩ? ያየሁትን ነው የተናገርኩት" ብሎ እጁን ታጥቦ የሚቀመጥ? ዝም ያልንበትን ቦታ ሌላው በጥርጣሬው ይሞላዋል፣ ከዚያ ድጅኖ ያነሳል። ሐጂ ሐቁን ለመናገር ከሰላት በኋላ ቀጠሮ ይዘው ቢሆን ኖሮ ሐቅ በተናገሩ፣ እኛም ባመሰገንናቸው ነበር። እመት ዙበይዳ ግን በዝናብ ከበሰበሰ ማሽላቸው አጠገብ ቆመው ነበር የሚሰሟቸው። አላህ ቅላችንን የምንገለብጥበትን ዓይን ይስጠን፤ ከገለበጥን በኋላ ደግሞ እግር ይስጠን።