ባርኔጣ አድርገው በር ላይ የቆሙት ሴትዮ

አንድ አሮጌ አውቶቡስ ነበር። በእንግሊዝ አገር፣ በአንዲት ትንሽ ወረዳ፣ ከገጠሩ መንደር ወደ ከተማ ግማሽ ወንበሩ ባዶ ሆኖ ይመላለሳል። ሚስስ ፔንሮዝ የሚባሉ አሮጊት በዚህ አውቶቡስ እየሄዱ ከተማ ውስጥ በአረጋውያን መጦሪያ ያሉትን ባለቤታቸውን ይጠይቃሉ። ሰውየው የገዛ ልጆቻቸው ስም እንኳ ጠፍቶባቸዋል። የሚስታቸውን መምጣት ግን መስኮት ላይ ሆነው ይጠብቃሉ።

የወረዳው ምክር ቤት ምርጫ ደረሰና ሁለት ሰዎች ተወዳደሩ። አንደኛው ነጋዴ ነው፤ «ባዶ ወንበር ለምን እናመላልሳለን? አውቶቡሱ ይቅር» አለ። ሁለተኛዋ ጡረታ የወጣች ነርስ ናት፤ «እኔ እያለሁ ማንም አይነካውም» አለች። የሚስስ ፔንሮዝ ተስፋ እሷ ላይ ነበር።

በምርጫው ዕለት ያ አውቶቡስ ተበላሽቶ ቀረ። ድምፅ የሚሰጠው ደግሞ ከወንዙ ማዶ ባለው አዳራሽ ነው፤ በእሳቸው እግር የሚሞከር አይደለም። ካፖርታቸውን ለበሱ፣ ባርኔጣቸውን አደረጉና የአጥራቸው በር ላይ ቆሙ።

ጎረቤታቸው ሚስተር ሃርትሊ ለነርሷ ድምፅ ሊሰጡ በመኪናቸው ብቻቸውን መጡ። ሴትዮዋን ሲያዩ መስኮቱን ዝቅ አደረጉ።

«ደስ የሚል ቀን ነው፣ ሚስስ ፔንሮዝ።»

«እውነትም ደስ ይላል፣ ሚስተር ሃርትሊ።»

ከዚያስ? ከዚያማ ሄዱ! ኧረ በስመ አብ! መኪናው እኮ ባዶ ነው! ሲመለሱም እጃቸውን አውለበለቡ፣ ሚስስ ፔንሮዝም አውለበለቡ። ሌሎቹም ጎረቤቶች እንዲሁ ሰላም እያሉ አለፉ።

ክፋት እንዳይመስላችሁ። በዚያ መንደር ሰውን «ወዴት ነዎት?» ማለት በሰው ጉዳይ መግባት ነው። «አድርሱኝ» ማለትም ሰውን ማስቸገር ነው። ጨዋነት ነው እንግዲህ!

ድምፁ ተቆጠረ። እኩል! እንደገና ተቆጠረ፤ አሁንም እኩል። የአገሩ ሕግ ደግሞ ድምፅ እኩል ሲሆን በዕጣ ይለይ ይላል። ምርጫ አስፈጻሚው ሁለት ወረቀት አጥፎ ሳጥን ውስጥ ከተተና አንዱን አወጣ። የነጋዴው ስም ነበር።

ሚስተር ሃርትሊ በማግስቱ ወደ ጎረቤታቸው እየተጣደፉ መጡ።

«ጉድ ሆንን ሚስስ ፔንሮዝ! አንዲት ድምፅ ብቻ ብትጨመር ኖሮ!»

ሴትዮዋ ፊታቸው ነጣ። «እኔ እኮ አልመረጥኩም። የሚያደርሰኝ አጣሁ።»

«ምን? በበርዎ አላለፍኩም እንዴ? ለምን አልነገሩኝም?»

«እንዳላስቸግርዎ ብዬ ነው። እርስዎስ ለምን አልጠየቁኝም?»

«በሰው ጉዳይ እንዳልገባ ብዬ» አሉ ሚስተር ሃርትሊ።

አውቶቡሱ ቀረ። ሚስስ ፔንሮዝ ግን ባለቤታቸውን በሚጠይቁበት ቀን እንደ ልማዳቸው ባርኔጣቸውን አድርገው በራቸው ላይ ቆሙ። ምን ሊያደርጉ እንደሆነ እሳቸውም አያውቁም። ሚስተር ሃርትሊ መኪናቸውን አቆሙ። ስለ አየሩ አንድ ቃል አልተነፈሱም። ወርደው የመኪናውን በር ከፈቱና «ይግቡ» አሉ።

ያው መኪና፣ ያው ባዶ ወንበር! ይህ በር በምርጫው ዕለት ተከፍቶ ቢሆን አውቶቡሱ ባልቀረ ነበር። መኪና ያለው ጎረቤት የሌላቸው ስንቶች አሁን ቤታቸው ተቀምጠዋል።

ወገኖቼ፣ ሰላም ብሎ ማለፍ ሰውን ማየት አይደለም። የቸገረው አፍ አውጥቶ ይናገር፤ ያየም ቆም ብሎ ይጠይቅ። «እኛ እንደነሱ አይደለንም» እንዳትሉኝ ደግሞ! በኮንዶሚኒየሙ ደረጃ ላይ «ደህና አደሩ?» ብለን መልሱን ሳንሰማ ስንት ጊዜ ወርደናል?

ዛሬ ጠዋት ሰላም ብላችሁት ያለፋችሁት ሰው፣ በሩ ላይ ቆሞ ምን እየጠበቀ ነበር?