ቀይ ማየት የማይወድ ጄኔራል

«አንድ ጄኔራል ነበረ፤ አሜሪካዊ። ስሙን ተወው፣ አይጠቅምህም።»

መምህር ፈንታሁን እንዲህ ብለው የጀመሩት ተቆጥተው ነው። ጡረታ ከወጡ አሥራ አንድ ዓመታቸው ነው፤ የዚያን ቀን ግቢያቸው ውስጥ ዱካ ላይ ተቀምጠው በርበሬ ይቀነጥሱ ነበር። ፊት ለፊታቸው የተቀመጠው ልየው ነው፤ ድሮ ተማሪያቸው፣ ዛሬ የከተማው ሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤት ርእሰ መምህር። ባለፈው ሳምንት የአንድ ክፍል ጣሪያ ተደርምሶ ሁለት ተማሪዎች ላይ ወድቋል። አንዷ እግሯ ተሰብሮ ሆስፒታል ተኝታለች፤ አንዱ እስካሁን አልነቃም። ጣሪያውን የተሸከመውን እንጨት ምስጥ በልቶት ኖሯል። የንብረት ክፍሉ ሠራተኛ ደግሞ ይህን እያወቀ በየወሩ «ሕንፃዎቹ በሙሉ ደህና ናቸው» እያለ ሲፈርም ከርሟል።

ልየው ሰውየውን ለፖሊስ የሚከስ ደብዳቤ አስጽፎ በደረት ኪሱ ይዟል፤ የቀረው ፊርማው ብቻ ነው። መጥቶ የጠየቀው ግን ስለ ደብዳቤው አልነበረም። «መምህር፣ ሰዎቼ ለምንድን ነው እውነቱን የማይነግሩኝ? ምን በድያቸው ነው የሚዋሹኝ?» ነው ያለው።

«ታሪኩን የሰማሁት በወጣትነቴ ለፈረንጅ የጦር መምህራን አስተርጓሚ ሆኜ ስሠራ ነው» አሉ መምህር ፈንታሁን። «እውነት ይሁን የጦር ሰፈር ወሬ እኔ አላውቅም። ብቻ አፍህን ይዘህ ስማኝ።» ቀጠሉም።

ጄኔራሉ በቆሎ አራሽ የነበረ የድሃ ልጅ ነው። በትምህርቱ ጎበዝ ስለነበር የጦር ትምህርት ቤት ገባ፤ መቶ አለቃ ሆኖ ወጣ። በመጀመሪያው ጦርነቱ አለቃው የነበረ ኮሎኔል ሰዎቹን በአንድ ሸለቆ ሊያሳልፍ ሲል ይሄ ልጅ ፊቱ ቆመና «ጌታዬ፣ መንገዱ ፈንጂ አለበት፤ በዚህ አንሄድም» አለው። ኮሎኔሉ በንዴት ፊቱ ተለዋወጠ። ግን ሰማው፤ መንገዱን ቀየረ። በኋላ ሸለቆው ሲፈተሽ ፈንጂው ተገኘ፤ ለልጁ ሜዳይ ተሰጠው፣ ስሙም ተነሳ። ልብ በል፣ ሹመቱ ሁሉ የመጣው ከዚህ ነው። የሚናገር አፍ ስለነበረው ብቻ መሰለህ? የሚሰማ አለቃ ስላጋጠመው ነው። እሱ ግን ሲሾም የራሱን አፍ አስታወሰ፤ የአለቃውን ጆሮ ረሳ።

ሻምበል ሆነ፣ ሻለቃ ሆነ፣ ኮሎኔል ሆነ፤ ከዚያም ኮከቡ በትከሻው ላይ ይደረደር ጀመር። ክፉ ሰው እንዳይመስልህ። ወታደሩ ሳይበላ አይበላም፤ ከሁሉ ቀድሞ ይነሳል፤ የቆሰለ ይጠይቃል። ክፉ ቢሆንማ ኖሮ ስለ እሱ ስነግርህ ምን ያደክመኝ ነበር?

ይህ ጄኔራል አንድ ልማድ ነበረው። በትልቁ ድንኳን ውስጥ ሰሌዳ አሰቅሏል። በሰሌዳው ላይ የእያንዳንዱ ክፍል ስም ተጽፏል፤ ከስሙ ጎን ክብ ቆርቆሮ ተንጠልጥሏል፤ አንድ ፊቱ አረንጓዴ፣ አንድ ፊቱ ቀይ። በየማለዳው አዛዦቹ አንድ በአንድ ይነሱና ቆርቆሮአቸውን በገዛ እጃቸው ያዞራሉ። የተዘጋጀ አረንጓዴውን፣ ያልተዘጋጀ ቀዩን ያሳያል። ጄኔራሉ አይቶ ያዛል። ልማዱ በራሱ ጥሩ ነበር፤ ብዙ ነፍስ ሊያድን ይችል ነበር።

አንድ ማለዳ ከዋና ከተማው እንግዶች መጡ፤ የሸንጎ ሰዎች፣ ጋዜጠኞች። አዛዦቹ እየተነሱ አረንጓዴ አረንጓዴውን አሳዩ። አንድ ጡረታው የደረሰ ኮሎኔል ግን ተነስቶ ቀዩን አዞረና ተቀመጠ።

«ኮሎኔል፣ የተሳሳትክ ይመስለኛል» አለው ጄኔራሉ ፈገግ ብሎ።

«አልተሳሳትኩም ጌታዬ። ሰዎቼ ጭቃ ውስጥ ሃያ ቀን ቆመዋል። እግራቸው አብጦ ጠቁሯል፤ ስምንት መቶው ጫማ ማጥለቅ አይችልም። አንድ ሳምንት ይስጡኝ።»

ጄኔራሉ ወደ እንግዶቹ ዞር ብሎ አየ። የጋዜጠኞቹ እስክሪብቶ ወረቀት ላይ ሲጭር ይሰማዋል። ስለ ስምንት መቶ ጥንድ እግር አላሰበም፤ ያሰበው ነገ በጋዜጣ ምን ይጻፍብኝ ይሆን ብሎ ነው። «በእኔ ጦር ውስጥ ቀይ የለም፤ መልሳት» አለ። ኮሎኔሉ ከመቀመጫው አልተነሳም። ጄኔራሉ ራሱ ሄዶ ቆርቆሮዋን በእጁ ገለበጣት። ኮሎኔሉም ቀን ሳይመሽ በአውሮፕላን ተጭኖ ተላከ፤ የሩቅ አገር መጋዘን ኃላፊ አደረጉት። የእኛ ሰው «እውነት ተናግሮ ከመሸበት ማደር» ይላል። ያ ሽማግሌ መጋዘን ውስጥ መሸበት።

በማግስቱ ሰሌዳው ከላይ እስከ ታች አረንጓዴ ሆነ። በሦስተኛውም ቀን አረንጓዴ። ስምንት መቶዎቹ ያንን እግር ይዘው ዘመቱ፤ ስንቱ እንደተቆረጠ ለጄኔራሉ የነገረው የለም። ልብ አድርግ፣ ዋሹ ብሎ ያዘዛቸው ማንም አልነበረም። ድንኳኑ ውስጥ ሃያ መኮንኖች ተቀምጠው ነበር፤ አዩ፣ በቃ። ሁለት ዓመት ሙሉ አንዲት ቀይ ሳትታይ ኖረ፤ እሱም በየማለዳው ሰሌዳውን እያየ ደስ ይለዋል። ጦሩን እኔ አስተካከልኩት ይላል። ጋዜጦችም ያንኑ ጻፉለት፤ አራተኛውን ኮከብ ሰጡት።

ከዚያ የወንዙ ቀን መጣ። በረዶ የሚቀልጥበት ወራት ስለነበር ወንዙ ሞልቷል። በጀልባዎች ላይ ድልድይ ተዘርግቶ ጦሩ እንዲሻገር ታዟል። ድልድዩን የሠራው አንድ መሐንዲስ ሻለቃ ነው። የታሰረበት የብረት ገመድ ለዚያ ጎርፍ እንደማይበቃ ያውቃል፤ ወፍራሙ ገመድ እስኪመጣ ሁለት ቀን ያስፈልገዋል። ማለዳ ሰሌዳው ፊት ሲቆም እጁን ቆርቆሮዋ ላይ አሳረፈ። ጄኔራሉ ሰዓቱን አየ። ሻለቃው መጋዘን የገባውን ሽማግሌ አስታወሰ፤ የሦስቱን ልጆቹን ነገር አሰበ። እጁን አንስቶ ተቀመጠ። ቆርቆሮዋ አረንጓዴ እንደሆነች ቀረች።

ይህን ሻለቃ አላመሰግነውም። ፈሪ ነበር፤ በፍርሃቱ ሰው አስጨረሰ። ግን ፍርሃቱን ማን አስተማረው?

ጦሩ መሀል ወንዝ ሲደርስ ገመዱ ተበጠሰ። መቶ አርባ ሰው ከነትጥቁ ውሃ ገባ። ጄኔራሉ ዳር ቆሞ ነበር፤ የሰው ጭንቅላት ብቅ ጥልቅ ሲል በዓይኑ አየ። የሟቾቹን ስም ዝርዝር ሲያነቡለት አለቀሰ፤ ልቅሶው የእውነት ነበር። ለቅሶው ሲያባራ ቁጣው መጣ። «ዋሽተውኛል» አለ፤ «እንደ አባት ይዣቸው፣ ምን በድያቸው ነው የሚዋሹኝ?» ልክ አሁን አንተ እንዳልከው። ሻለቃው ታስሮ ጦር ፍርድ ቤት ይቅረብ ብሎ አዘዘ።

በፍርድ ቤቱ ጄኔራሉ ምስክር ሆኖ ቀረበ። የሻለቃው ጠበቃ አንድ ልጅ እግር ሻምበል ነው። ጥያቄውም አንድ ብቻ ነበር። «ጄኔራል፣ ሰሌዳዎ ከተሰቀለ ጀምሮ ቀይ ያሳየ መኮንን ነበር?»

ጄኔራሉ ጥያቄው ወዴት እንደሚሄድ ወዲያው ገባው። ነበር ቢል ቀጥሎ የሚመጣው «ምን አደረጉት?» ነው። ያኔ ጥፋቱ ለሁለት ይከፈላል፤ የሻለቃው ቅጣት ይቀላል፤ የእሱ አራት ኮከብ ግን ይነቃነቃል። የሽማግሌው ኮሎኔል ፊት ድቅን አለበት፤ በመጋዘኑ በር ላይ ቆሞ የሚያየው መሰለው። በሕይወቱ አንድ ጊዜ፣ አለቃ ፊት ቆሞ እውነት የተናገረ ልጅ ነበር እኮ። አሁን ደግሞ ማንም የማይቆጣው ጄኔራል ነው፤ የሚያስፈራው ሰው የለም።

«አልነበረም» አለ።

ያን ማለዳ ድንኳኑ ውስጥ ከነበሩት መኮንኖች አብዛኞቹ አዳራሹ ውስጥ ተቀምጠዋል። ሁሉም ሰሙ። አንድ የተነሳ አልነበረም። ሰማይ አይታረስ፣ ንጉሥ አይከሰስ። በሻለቃው ላይ ሃያ ዓመት ፈረዱበት፤ ሚስቱ ልጆቿን ይዛ በር ላይ ቆማ ቀረች። እኔን የሚያንገበግበኝ ይህ ነው። ወንዙ አይደለም፤ ወንዝ ይሞላል፣ ገመድ ይበጠሳል። ሰውየው በአንዲት ቃል ሊያድነው የሚችለውን ሰው እያየ፣ በገዛ አፉ ቀበረው።

ጄኔራሉ ጡረታ ወጣ፤ ሐውልት ቆመለት፤ በበዓል ቀን ሕፃናት አበባ ያስታቅፉታል። ብቻውን ሲሆን ግን ሻለቃው ትዝ ይለው ነበር። «አንድ ቀን ለመንግሥት ደብዳቤ ጽፌ እውነቱን እናገራለሁ፤ ይህን ሰው አስፈታዋለሁ» ይላል ለራሱ። መቼ? «ገና ጤነኛ ነኝ፤ ጊዜ አለኝ» ይላል።

ጤነኛ አልነበረም። ሆዱን የሚበላ በሽታ ይዞታል። ሚስቱ ታውቃለች፤ ልጆቹ ያውቃሉ፤ ሐኪሙም ያውቃል። ሐኪሙ ድሮ በእሱ ሥር ያገለገለ መኮንን ነው፤ ጄኔራሉ መጥፎ ወሬ ሲሰማ ምን እንደሚሆን ጠንቅቆ ያውቃል። «እንዴት ነኝ?» ይላል ጄኔራሉ። «ከሁላችንም በላይ ጤነኛ ነዎት» ይሉታል። እኛም መርዶ እናቆያለን፤ የእኛ ግን ለሐዘንተኛው አዝነን ነው። እነዚያ የዋሹት ቁጣውን ፈርተው ነው። ሥቃዩ ሲጠናበት አስታማሚዋን እጇን ይዞ «እባክሽ እውነቱን ንገሪኝ» ብሎ ለመናት። ልጅቷ ወደ በሩ ተመለከተችና «ደህና ነዎት ጌታዬ» አለችው። በሦስተኛው ቀን ሞተ። ደብዳቤው አልተጻፈም። ሻለቃው ሃያ ዓመቱን ጨርሶ ነው የወጣው፤ ሚስቱን አላገኛትም፤ ልጆቹም አላወቁትም።

መምህር ፈንታሁን እዚህ ላይ ታሪኩን ጨረሱና ልየውን ትክ ብለው አዩት።

«ሰዎቼ ለምን ይዋሹኛል ብለህ ጠየቅኸኝ። አይዋሹህም፤ ይታዘዙሃል። ባለፈው ዓመት የፊዚክሱ መምህር ሰጥአርጌ የወረዳ እንግዶች ባሉበት ስብሰባ ተነስቶ፣ ያንን ጣሪያ ምስጥ እየበላው ነው አለህ። አሳፈረኝ ብለህ በወሩ ወደ ቆላ አዛወርከው። ሚስቱ እርጉዝ ነበረች። የንብረት ክፍሉ ሰውዬ ያን ቀን እዚያው ተቀምጦ ያይ ነበር። አንተ መምህር አይደለህ? አስተማርከው።»

ልየው አንገቱን ደፋ። «ይህን እርስዎም ያውቁ ኖሯል?» አለ።

«ከተማው ሁሉ ያውቃል። እኔም አውቃለሁ፤ ዝም አልኩህ። በየበዓሉ እየመጣህ ስትጠይቀኝ ደስ ይለኛል፣ ይህን እንዳላጣ ፈርቼ ዝም አልኩ። የምቆጣው ባንተ ብቻ እንዳይመስልህ። እነዚያ ልጆች ሆስፒታል የተኙት በሁላችንም ዝምታ ነው።»

«ታዲያ ሰውየውን ልተወው?»

«ማን ተወው አለህ? እያወቀ ፈርሟል፤ ይጠየቅ። ግን ደብዳቤህ አንድ ስም ጎድሎታል። የራስህን ስም ጨምርበት። ሰጥአርጌን ለምን እንዳዛወርከው ጻፍበት። ፖሊሶቹ ያንብቡት፤ ሰዎችህም ይስሙት። ከዚያ በኋላ እውነቱን ይነግሩህ እንደሆነ ታያለህ።»

ልየው ደብዳቤውን ከደረት ኪሱ አውጥቶ ጉልበቱ ላይ ዘረጋው። አነበበው። ባዶውን ቦታ ከታች እስከ ላይ በዓይኑ ለካ፤ ከዚያ ኪሶቹን አንድ በአንድ ዳበሰ።

«መምህር፣ እስክሪብቶ ይኖርዎታል?» አለ ቀና ሳይል።

መምህር ፈንታሁን በርበሬውን ወደ ራሳቸው ጎተቱና መቀንጠሳቸውን ቀጠሉ።

«ሰጥአርጌን ያዛወርክበት እስክሪብቶ የት ሄደ?» አሉት።