መስመር የያዘ ጥርስ እና የገጠመ ጥርስ

«አንድ ጸጉር አስተካካይ ነበረ» ብለው ጀመሩ የጥርስ ሐኪሙ ዶክተር ምናሴ። ሰርጓ የተቃረበው ትህትና መስታወት ይዛ፣ «ዶክተር፣ ጥርሴ ቀጥ ብሏል እኮ! የታሰረበት ሽቦ ከሰርጌ በፊት ለምን አይወልቅልኝም?» ብላ ጠይቃቸው ነበር።

ይህ ጸጉር አስተካካይ ቀኑን ሙሉ መስታወት ፊት ይቆማል። የሰው ጢም ሲላጭ የገዛ አፉን ያያል። የላይኞቹ የፊት ጥርሶቹ ተደራርበዋል፤ ከታችኞቹም ጋር አይገናኙም። መንጋጋውን ቢገጥም እንኳ በመሃል ምላሱ ይታያል። ደንበኞቹ ሲያስቁት ፊቱን ያዞራል። በፊት ጥርሱ ምግብ ቆርጦ አያውቅም፤ በእጁ እየቆረሰ ወደ መንጋጋው ይገፋል። ሰው ፊት መብላት ያሳፍረዋል።

አንድ ቀን ቆረጠና ጥርስ ሐኪም ዘንድ ሄደ። ሐኪሟ ሽቦ አሰረችለት። መጀመሪያ አካባቢ ገንፎ እንኳ ማላመጥ አቃተው። ሽቦው በጠበቀ ቁጥር ጥርሱን ይጠዘጥዘዋል። መደራረቡ ግን ቀስ በቀስ ለቀቀ። ወራት አልፈው አንድ ጠዋት መስታወቱ ፊት ፈገግ ቢል፣ ጥርሶቹ ሰልፍ ይዘው ቆመዋል! ደንበኛውን ከነሳሙና አረፋው ወንበር ላይ ትቶ ወደ ክሊኒኩ ሮጠ።

«ዶክተር! አለቀ! ተስተካከለ! ያውልቁልኝ!»

ሐኪሟም ደስ አላት። ሆኖም ቀጭን ወረቀት በፊት ጥርሶቹ መሃል አስገብታ፣ «እስቲ ንከስ» አለችው። ነከሰ። ሳብ ስታደርገው ወረቀቱ ያለ ምንም ትግል ሾልኮ ወጣ። ደገሙት፤ አሁንም ሾለከ።

«መስመር ይዘዋል፤ የላይኛውና የታችኛው ግን ገና አልተገናኙም። አጥንቱም አልረጋም። ዛሬ ባወልቀው ወደ ነበሩበት ይመለሳሉ» አለችው።

ሰውዬው ሽቦውን በጥፍሩ ፈልቅቆ ቢጥለው በወደደ። ከዚያ በረጅሙ ተነፈሰና፣ «እሺ፣ ያጥብቁት» አለ።

ጥርሶቹን እንድታገናኝ ከላይኛው ወደ ታችኛው የምትሳብ ትንሽ ላስቲክ ጨመረችለት። «አፍህን አሰሩት እንዴ?» እያሉ ደንበኞቹ ቀለዱበት፤ አብሯቸው ሳቀ።

በመጨረሻ ሽቦው የወለቀ ዕለት፣ ጥርሱ ወደ ነበረበት እንዳይመለስ ሌሊት ሌሊት የሚያደርገውን መያዣ ተቀብሎ ሲወጣ በቆሎ የምትጠብስ ሴት አገኘ። ገዛና በፊት ጥርሱ ግጥም አድርጎ ነከሰው።

«ቆረጠልኝ! ኧረ ቆረጠልኝ!»

ሴትዮዋ ደንግጣ፣ «በቆሎ በልተህ አታውቅም?» አለችው።

«እንዲህ አድርጌ? በእናቴ አላውቅም!» አለና ሌላ እንድትጠብስለት ለመናት። ዓይኑ እንባ አቅርሯል፤ አፉ ይስቃል።

ዶክተር ምናሴ ወደ ትህትና ዞሩ። «ልጄ፣ አንቺም ዛሬ የመጣሽው እሱ እየሮጠ በመጣባት ጠዋት ነው። መስታወት የሚያሳይሽ ሰልፉን ነው፤ መግጠሙን የሚነግርሽ ንክሻሽ ነው። ሰርግሽ የአንድ ቀን ነው፤ ጥርሱ ግን የዕድሜ ልክሽ። ከነሽቦሽ ሳቂ፣ ከነሽቦሽ ጨፍሪ። የሚወልቅ ቀን እኔው ራሴ እልል እልልሻለሁ!»