በጋራ በር የወጣችው የበርበሬ ነጋዴ

አንዲት ይርገዱ የምትባል የበርበሬ ነጋዴ ነበረች። ከበርበሬዋ ይልቅ ምላሷ ያቃጥላል ይሏታል። በከተማው ትልቁ ባዛር ላይ ድንኳን ለማግኘት ዓመቱን ሙሉ ስትዘጋጅ ከረመች። ምዝገባው በኢንተርኔት ነው፤ ስድስት ሰዓት ላይ ይዘጋል። አምስት ሰዓት ተኩል ላይ ፎርሙን ሞልታ ብትልክ፣ «ይህ አድራሻ ታግዷል» የሚል ጽሑፍ ፊቷ ድቅን አለ።

ስልኳን ይዛ ጎረቤቷ ወደሆነው ኮምፒውተር ጠጋኝ በረረች።

«በሪሁን፣ እኔ ሌባ ነኝ? ምን በደልኳቸው?»

ጠጋኙ ስልኩን አየና ሳቀ። «እትዬ፣ ቪፒኤን የሚባለውን መሸሸጊያ ከፍተዋል። ማን እንደሆኑ እንዳይታወቅ ይሸሽግዎታል፤ ግን ብቻዎን አይደለም። እርስዎም ሌላው ሺህ ሰውም በአንድ አድራሻ ነው የምትወጡት። አንዱ ባለጌ ሲያጠፋ የድረ ገጹ ዘበኛ ሰውየውን አያውቀውም። በሩን ይዘጋዋል።»

«በማላውቀው ባለጌ ኃጢአት እኔ ልታገድ? እጁን ይቁረጠው!»

በሪሁን በራሱ ስልክ ወደ ባዛሩ ቢሮ ደወለ፤ ለሁለቱም እንዲሰማ አድርጎ አድራሻው ለምን እንደታገደ ጠየቀ።

«ከዚያ አድራሻ በአምስት ስም እየገባ የአንዲትን ነጋዴ ስም ያጠፋ ሰው አለ» አለች መዝጋቢዋ። «በርበሬዋ ጡብ ተፈጭቶበታል ብሎ ገጻችን ላይ ጻፈ። ደንበኛ ሸሽቷት ሱቋን ልትዘጋ ነው። የጻፈው ሰው ጥፋቱን እስኪያምን አድራሻውን አንከፍትም። እናንተ ግን ቪፒኤኑን አጥፍታችሁ ግቡ፤ ይሠራል።»

ይርገዱ አምስቱንም ስሞች ታውቃቸዋለች። አንደኛውን ከሟች አክስቷ ነበር የወሰደችው።

በሪሁን ቪፒኤኑን አጠፋላት። «ይኸው እትዬ፣ አሥር ደቂቃ አለዎት። ይላኩ። ባለጌውን ለእግዜር ይተዉት።»

ጣቷ ፎርሙ ላይ ደርሶ ቆመ። አንዴ ብትነካው ድንኳኑ የእሷ ነው፤ የሚያውቅባትም የለም። ሺው ሰው ግን በተዘጋው በር ላይ ይቀራል፤ ያቺ ሴትም ከነጡቧ።

ገና ያልተዘጋውን የበሪሁንን ስልክ ከእጁ ወሰደች። «እህቴ፣ በርበሬዋ ጡብ የለበትም። የጻፍኩት እኔ ነኝ። ይርገዱ እባላለሁ።»

መዝጋቢዋም መለሰች፦ «እንግዲህ ይህን ካሉኝ ዘንድሮ ልመዘግብዎ አልችልም።»

«አውቃለሁ።»

ስልኩ ሲዘጋ በሪሁን አቀርቅሮ፣ «እትዬ… ያ የእጁ እርግማንስ?» አላት።

«ዝም በል አንተ! እሱን እንኳ እግዜር አልሰማሁም ይበለኝ።»

በዚያው ዕለት አድራሻው ለሺው ሰው ተከፈተ። ድንኳኑ ግን ለሌላ ሰው ተሰጠ።

መሸሸግ ነውር አይደለም፤ ሁሉም ሰው የሚሸፍነው ጓዳ አለው። ነገር ግን ብዙ ሰው በሚወጣበት በር ላይ ቆሻሻ የደፋ፣ ሲመለስ ራሱ ይረግጠዋል፤ የማያውቁትንም ያስረግጣል። ከሁሉ የሚከፋው ደግሞ የገዛ ቆሻሻችን ሲሸተን የሌላ ሰው መስሎን መራገማችን ነው።

እናንተስ፣ «እጁን ይቁረጠው» ከማለታችሁ በፊት የገዛ እጃችሁን አይታችሁ ታውቃላችሁ?