የአንጓች ኩል

ባለ ሦስት ቃል አባባል አለችን። ልጅ ወተት ሲደፋ፣ አዲስ ሙሽራ ወጥ ስታሳርር፣ ጸሐፊ ደብዳቤ አበላሽቶ እንደገና ሲጀምር ወርወር እናደርጋታለን። ስንወረውራት በሐሳባችን የምትመጣው እህል የደፋች ሴት ናት፤ ጤፍ ወይም ምስር። እኔም እንደዚያ ይመስለኝ ነበር። አንድ ጊዜ ግን ስማዳ ያደጉት አክስቴ ይህንን ስናገር ሰምተው ሳቁብኝና «እህል አልነበረም፣ ኩል ነበር» አሉኝ። ከዚያ የነገሩኝን ነው የምጽፈው። እውነት ስለመሆኑ አልምልም፤ እርሳቸው ግን ምለዋል።

እንዶድ በር በምትባል መንደር እመት ጥዑም የሚባሉ ባልቴት ነበሩ። ስድሳን አልፈዋል፤ ጥርሳቸው ግን አንድም አልጎደለም። ደጃፋቸው ላይ ቆመው በማዶው ተራራ የሚወጣው በቅሎ የማን እንደሆነ ይለያሉ። እጃቸው ለስላሳ፣ ተረከዛቸው ያልተሰነጠቀ፣ ወገባቸው ቀጥ ያለ ነው። እንዲህ ያሉ ሴት ሲወራልኝ ደስታና ቅናት አንድ ላይ ይይዙኛል፤ ምን ልደብቅ።

የመንደሩ ሰው ምስጢር አላቸው ይል ነበር። አንዱ ከቆላ የመጣ ቅባት ነው ይላል፤ ሌላው ውቃቢያቸው ነው ይላል። ምንም አልነበረም፤ የነበራቸው ልማድ ብቻ ነው። ጠዋት ከሰው ጋር ሳይነጋገሩ የክትክታ መፋቂያቸውን ይዘው ይወጣሉ፤ ጥርሳቸውን እየፋቁ ጥጆቹን ይፈታሉ። ማታ እግራቸውን ሳይታጠቡ መደብ ላይ አይወጡም። ፀጉራቸው ለጋ ቅቤ ያገኛል፣ ከዚያም ይታጠባል፣ ይበጠራል። ክረምት ሲገባ የእንሶስላ ሥር አስቆፍረው ይወቅጡና እጅና እግራቸው ላይ ለጥፈው በጉሎ ቅጠል አስረው ያድራሉ። ኩላቸውን ራሳቸው ይፈጫሉ፣ በስስ ጨርቅ ይነፋሉ፣ በቀንድ አድርገው ምሰሶው ላይ ይሰቅላሉ፤ ሊተኙ ሲሉ በቀጭን እንጨት ይኳላሉ። ይኸው ነው። ይህን ሁሉ የማታውቅ ሴት በአካባቢው አልነበረችም። የእርሳቸው ልዩነት አንድም ቀን አለመዝለላቸው ነው።

ባላቸው ከሞቱ ብዙ ዘመን ሆኗልና ሐሜት አልቀረላቸውም። ባልቴት ለማን ትኳላለች ይባል ነበር። አንድ ቀን ምንጭ ዳር አንዲት ደፋር ሴት ይህንኑ ፊት ለፊት ጠየቀቻቸው። እመት ጥዑም እንስራቸውን ሳያስቀምጡ፣ «እኔ የምኳለው ለማየት ነው፤ ለመታየትማ ማን ጊዜ አለው» ብለዋት መንገዳቸውን ቀጠሉ።

ልጃቸው ደምለው ሲራራ ነጋዴ ነበር። ሚስቱን አንጓችን እናቱ ዘንድ ትቶ በቅሎዎቹን ጭኖ ሲወርድ በዓመቱ እመለሳለሁ ብሎ ነበር፤ ሁለት ክረምት አለፈ። መንገድ ተዘግቶበታል ያለ አለ። ታሟል ያለም አለ። አንዲቷ ደግሞ ከጠጅ ሻጭ ቤት ገብቶ ተቀምጧል አለች። አንጓች ከሦስቱ ወሬ ሦስተኛዋን መርጣ ያዘች። ሰው እንዲህ ነው፤ ከመጣለት ወሬ ሁሉ የሚወጋውን ይይዛል።

ከዚያ ወዲያ ራሷን ጣለች። ሥራዋን አልጣለችም፤ ትፈጫለች፣ ትቀዳለች፣ ታርማለች። ፀጉሯን መበጠር ግን ተወች፤ ተረከዟ እንደ በጋ መሬት ተሰነጠቀ፤ ጭስ ያቀላውን ዓይኗን በነጠላዋ ጫፍ እየጠረገች ትውላለች። እመት ጥዑም ኩላቸውን ይዘው አጠገቧ ሲቀመጡ ፊቷን ታዞራለች።

«ለማን ብዬ ነው እምዬ? የሚያየኝ የለ።»

«ተረከዝሽ ሲሰነጠቅ የሚያመው አንቺን ነው ወይስ ደምለውን?»

አንጓች አለቀሰች። እመት ጥዑምም ከዚያ በኋላ አልጨቀጨቋትም። በየማታው ብቻ እግር መታጠቢያ ውሃ አሙቀው በመደቧ አጠገብ ያስቀምጡላታል፤ ብዙውን ማታ ውሃው እንደ ተቀመጠ ቀዝቅዞ ያድራል። ጠዋት ምንም ሳይናገሩ ይደፉታል። ስንት አማት ይህን እንደምትችል አላውቅም። እኔ ብሆን በሦስተኛው ቀን አፌን እከፍት ነበር።

አንድ ቅዳሜ አንጓች ደጅ ላይ በርበሬ ስትወቅጥ አረፈደች። ሙቀጫው ዙሪያ ያለው መሬት በብናኙ ቀልቷል። ፈንቴ የሚባል ጎረቤት ከገበያ ሲመለስ ከአጥሩ ማዶ ሆኖ ተጣራና ደምለውን ወንዙ ዳር ጭነት አራግፎ በቅሎ ሲያጠጣ እንዳየው፣ ፀሐይ ዘቅዘቅ ሲል እንደሚደርስ ተናገረ።

እመት ጥዑም ባሉበት ቁጭ አሉ። የጠየቁት አካሉ ሙሉ መሆኑን ብቻ ነው። ሙሉ ነው ሲላቸው ተመስገን ብለው እንባቸውን ጠረጉ፤ ተነሥተውም እሳቱን ቆሰቆሱ።

አንጓች ግን ወደ ጓዳ ገብታ ደምለው ድሮ ያመጣላትን ትንሽ መስታወት ከግድግዳው አወረደች። ጥላሸቱን ጠርጋ አየች። እዚህ ላይ አዝንላታለሁ። የታያት የራሷ ፊት ብቻ አልነበረም፤ ከጎኑ ያቺ አይታት የማታውቀው ጠጅ ሻጭ ተኳኩላ፣ ተሽሞንሙና ታየቻት። ደምለው በሩ ላይ ቆሞ ሁለቱን ሲያስተያይ፣ ከዚያም ፊቱን ሲመልስ ታያት። በሁለት ዓመት የተወችውን ነገር በግማሽ ቀን ልትመልስ ተነሣች።

እመት ጥዑም ሁኔታዋን አይተው መንገድ ሊያስይዟት ሞከሩ። «ፊትሽን ታጠቢ፣ ያን ነጭ ቀሚስሽን ልበሺ። ፀጉርሽን እጎነጉንልሻለሁ፤ ኩሉንም ራሴ እኩልሻለሁ። ለዛሬ ይበቃል ልጄ።»

«አይበቃም እምዬ። ለእርስዎ ልጅዎ ነው፣ እንደምንም ቢያገኝዎ ይወድዎታል። እኔ ሚስት ነኝ።»

እመት ጥዑም እንግዳ የሚበላውን ለማሰናዳት እንቁላል ሊጠይቁ ወደ ጎረቤት ሄዱ።

አንጓች በወይባ ጀመረች። ወይባ የሞቀች ታውቀዋለች፤ እንጨቱ በሚጨስበት ጉድጓድ ላይ ጋቢ ተከናንቦ በጭሱ መታጠን ነው። መጀመሪያ ገላው ቢጫ ይሆናል፣ ከዚያ ቀስ እያለ ተገፍፎ ከሥሩ ሌላ ገላ ይወጣል። ሳምንታት የሚፈልግ፣ በትንሽ በትንሹ የሚሞቅ ነገር ነው። አንጓች የወር እንጨት በአንድ ጊዜ ማገደችና ጋቢዋን ተከናነበች። ስትወጣ እንደ እርድ ቢጫ ሆና፣ እየሳለች፣ አፍንጫዋ በጭስ ተደፍኖ ነበር። የሚገፈፈው ገላ አልተገፈፈ፣ የሚወጣው አልወጣ።

ቅቤ ቀጠለ። ከዕቃ መደርደሪያው አንዱን ማሰሮ ሳብ አድርጋ በእጇ ሙሉ ዝቃ ራሷ ላይ ደፋችው። ለጋው ቅቤ በቀኝ በኩል ነበር፤ እርሷ የያዘችው በግራ ያለውን ነው፤ በነጭ ሽንኩርት፣ በኮረሪማና በበሶብላ የተነጠረውን የወጥ ቅቤ። አፍንጫዋ ደህና ቢሆን ኖሮ ገና ክዳኑን ስትከፍት ታውቀው ነበር።

ያን ጊዜ የበቅሎ ቃጭል ተሰማ።

ከዳገቱ ሥር ነው፤ ገና ሩቅ ነው። ፊቷን ለመታጠብ፣ ቀሚሷን ለመለወጥ ይበቃት ነበር። እርሷ ግን ኩሉን አሰበች። ዓይኗ ካማረ ሌላው አይታይም አለች ለራሷ። የአማቷን የኩል ቀንድ ከምሰሶው ላይ አውርዳ፣ ቤቱ ጨለማ ስለሆነ ብርሃን ፍለጋ ደጅ ወጣች። እጇ ቅቤ በቅቤ ነው። ክዳኑን ስትስብ ቀንዱ አሙለጨለጫትና ሙቀጫው አጠገብ ወደቀ፤ ስንት ቀን የተፈጨና የተነፋ ኩል መሬት ላይ ተዘረገፈ።

እዚህ ላይ ትታው ብትገባ ታሪክም አይኖርም፣ አባባልም አይኖርም። ቃጭሉ ግን እየቀረበ ነው፤ የልጆች ጩኸትም ተጨመረበት። አንጓች በርከክ ብላ ኩሉን በመዳፏ ጠርጋ ወደ ቀንዱ መለሰችው። ጥቁሩ ውስጥ ቀይ ቀይ ነገር ይታያል፤ አይታ እንዳላየች ሆነች። እንጨቱን ነክራ ቀኙን ኳለች፤ ትንፋሽ ሳትወስድ ግራውን ደገመች።

በርበሬ ትንሽ ታግሦ ነው የሚይዘው። ሲይዛት ጊዜ ጩኸቷ ጎረቤት ድረስ ተሰማ።

እመት ጥዑም እንቁላሉን እዚያው ትተው ሮጠው መጡ። መሬቱን አዩ፣ ቀንዱን አዩ፣ ሁሉም ገባቸው። አንዲት የቁጣ ቃል አልተናገሩም። «እጅሽን አታስጠጊ፣ አትሺው» ብለው አንገቷን ደገፍ አድርገው አጎነበሷትና ንጹሕ ውሃ በዝግታ ያፈሱላት ጀመር። ልጃቸው ከአጥሩ ውጭ ነው፣ ድምፁ ይሰማል፤ ሁለት ዓመት የጠበቁት ልጅ ነው። እርሳቸው ግን ውሃው እስኪያልቅ እጃቸውን ከአንጓች ዓይን አላነሡም። አክስቴ ይህን ሲነግሩኝ ድምፃቸው ይለወጥ ነበር፤ እኔም ስጽፈው ልቤ ይሞላል።

ደምለው ከነተከታዩ ሕዝብ በሩን አልፎ ገባና ቆመ። ፊቷ ቢጫ የሆነ፣ ከሁለት ዓይኗ ጥቁር እንባ እስከ አገጯ የሚወርድ ሴት እናቱ ትከሻ ላይ ተደግፋለች። ሴቶቹ ናፍቆት እንዲህ ነው ብለው እልል አሉ። አንድ ሽማግሌም ዓይናቸውን በጋቢያቸው ጠረጉ። ደምለው ዱላውን ጥሎ ተንበረከከ።

«ሌላ አግብታለች ብለውኝ ነበር» አላት። «መንገዱን ሙሉ ቤቴ ባዶ ይሆናል ብዬ ነው የመጣሁት።»

«እኔንም ጠጅ ሻጭ ቤት ገብቷል ብለውኝ ነበር።»

«ንዳድ ጥሎኝ ነው የከረምሁት። እንኳን ጠጅ ውሃም በሰው እጅ ነበር የምጠጣው።»

አንጓች ይህን ስትሰማ ዓይኗን ልትከፍት ታገለች፤ አልከፈት አላት። በርበሬ ያመጣው እንባ ቀርቶ የራሷ እንባ መጣ። «ሁለት ዓመት ሙሉ ልይህ ብዬ ስጠብቅ ኖሬ ዛሬ ዓይኔ እምቢ አለኝ» አለች። ከዚያም ፊቷን ወደ አማቷ መልሳ፣ «እምዬ፣ ምን ይመስላል? ይንገሩኝ» ብላ ለመነቻቸው።

እመት ጥዑም ልጃቸውን ትክ ብለው አዩት። «ከስቷል» አሉ። «ጢሙ አድጓል። የግራ ቅንድቡ ላይ አዲስ ጠባሳ አለ። አንቺን ነው የሚያየው ልጄ፤ ከገባ ጀምሮ እኔን እናቱን እንኳ አላየኝም።»

አንጓች እጇን ዘርግታ ጠባሳውን በጣቷ ፈለገችና አገኘችው። ደምለውም ወደ እርሷ ጠጋ ሲል አፍንጫው ላይ አንድ ነገር መጣበት፤ ዶሮው ደርሷል እንዴ ብሎ ዞር ዞር አለ። ሽታው ከሚስቱ ራስ እንደሆነ ሲገባው ሳቁን ሊይዝ ሞክሮ አልቻለም። እርሷም ያኔ የቅቤው ማሰሮ ትዝ ብሏት እያለቀሰች ሳቀች።

ዓይኗ ከቀናት በኋላ ዳነ። አክስቴ እንደሚሉት ገና እብጠቱ ሳይጎድል በማግስቱ ጠዋት አማቷ የክትክታ መፋቂያ ይዘው ሲወጡ አንጓች እየዳበሰች ተከትላቸው ወጣች፤ ከጎናቸው ቆማ እጇን ዘረጋች፤ እርሳቸውም ከዘንጉ ሰብረው ሰጧት። ከዚያ ወዲያ አንድም ጠዋት አልቀረችም። ስታረጅ እንደ እርሳቸው ጥርሷ ሙሉ ነበረ ይባላል፤ የማያት ብሆን እንዴት ደስ ባለኝ።

አባባሉ ግን የተነገረው በዚያው በቅዳሜው ነው። እኒያ እንባቸውን የጠረጉት ሽማግሌ ሕዝቡ ወደ ቤት ሲገባ ወደ ኋላ ቀርተው፣ ባልና ሚስት ሲስቁም የማይቆመው የአንጓች እንባ ግራ ገብቷቸው፣ «እመት ጥዑም፣ ይቺ ልጅ ምን ሆና ነው እንዲህ የምታለቅሰው?» ብለው ጠየቁ። እመት ጥዑም ሙቀጫው አጠገብ በጥቁርና በቀይ የተዥጎረጎረውን መሬት አይተው፣ ያን ቀንድ ገልብጠው እያራገፉ መለሱላቸው፦ «የቸኮለች አፍስሳ ለቀመች።»